ያልተገጠመው ፓምፕ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሌሊቱን ዶፍ ሲወርድ አደረ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ፣ ኮሮላዋ ውስጥ ገባሁ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው እንደ ወትሮው ዞረ፤ ሞተሩ ግን አልተነሳም። ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ክርርር ክርርር ይላል እንጂ አንዲት "ቱፍ" እንኳ የለችም። አምስተኛው ላይ ድምፁ ሲደክምብኝ ተውኩት። ባትሪውን ጨርሼ በችግር ላይ ችግር እንዳልጨምር ብዬ ነው።

መኪና አልነሳ ሲል ግቢው ሁሉ መካኒክ ነው። የላይኛው ፎቅ ልጅ በመስኮት ብቅ ብሎ "ባትሪ ነው!" አለኝ። ባትሪ ቢሆንማ ቁልፉን ሳዞር "ቀጭ" ብሎ ዝም ይል ነበር፤ ወይም ሞተሪኖው እየተጎተተ በግድ ይዞር ነበር። ይኼኛው እንደ ልቡ ይዞራል። ዘበኛችን ካንዴላ ነው ይላል። ምድር ቤት ያሉት ጡረተኛ "ኮምፒዩተር አስደርጋት" አሉኝ። ይቺ መኪና በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራች ናት። ኮምፒዩተር አላት፣ ግን የምታውቀው ጥቂት ነው። የዳሽቦርዱን የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም እያደረገች የስህተት ቁጥር ትናገራለች፤ "ቤንዚን አልደረሰኝም" የሚል ቁጥር ግን የላትም።

የሚዞር ሞተር ካልተነሳ የጎደለው እሳት ነው፣ ወይ ቤንዚን ነው፣ ወይ አየር ነው። ይህን ያህል አውቃለሁ። ችግሩ ከዚህ በላይ የማውቅ መምሰሌ ነው።

ቢሮ በታክሲ ሄድኩ። ጫማዬ እስከ ማታ አልደረቀም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ዛሬ ምርመራ አካሄድኩ። ባለቤቴ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላ ገብቼ ጆሮዬን የኋላ ወንበር ላይ ደገፍኩ። የቤንዚን ፓምፑ ያለው እዚያው ሥር፣ ታንከሩ ውስጥ ነው።

"ቁልፉን ኦን ላይ አድርጊው፤ እንዳታስነሺው።"

አደረገች። ዝም። እንደገና። አሁንም ዝም። የቢሮ ባልደረባዬ ሀዩንዳይ ላይ ቁልፉ ኦን ሲሆን ለሁለት ሰከንድ ያህል "እዝዝዝ" የሚል ድምፅ ከኋላ ሲመጣ ሰምቼ አውቃለሁ። ፓምፑ ቤንዚኑን ገፍቶ መስመሩን ሲሞላ ነው። የኔዋ ትንፍሽ አላለችም። በቃ፣ ፓምፑ ሞቷል። ራሴን እንደ ሐኪም ቆጠርኩ፤ ባለቤቴ እንኳ በአድናቆት ሳታየኝ አልቀረችም።

ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ከላሜራው ጣሪያ ላይ ውሃው ገና ጠብ ጠብ ይላል። እዚያ ሰፈር የሌለ የመኪና አካል የለም። በር ብቻውን፣ መብራት ብቻውን፣ ሞተር ብቻውን ተደርድሯል። አንዱ ልጅ የፈለግኩትን ሳልጨርስ ተረድቶ "ወንድሜ፣ ኦርጅናል ልስጥህ፣ ማች፣ ወይስ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ?" አለኝ። ኦርጅናል አልኩ፤ ዋጋውን ሲነግረኝ ደግሞ ማች አልኩ። በካርቶን ሰጠኝ። የአውራ ጣት ሁለት እጥፍ የምታክል የብረት ሲሊንደር ናት፤ አብራት ጥቁር መረብ የለበሰች ጠፍጣፋ ወንፊት አለች። የደመወዜን ሩብ ከፍዬ ደረሰኙን ኪሴ ከተትኩ። ከደረሰኙ ግርጌ በማኅተም የታተመ ጽሑፍ ነበረበት። አላነበብኩትም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ዝናብ። ታክሲ። የሚያውቀኝ መካኒክ እስከ ቅዳሜ አይመችም አለኝ። ካርቶኑን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። ልጃችን ማሙሽ ስልክ መስሎት ከፈተው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ታክሲ ውስጥ አጎቴ ትዝ አለኝ፤ ነፍሱን ይማረው። ላዳ ታክሲ ነበረው፤ ከወገቧ በታች ሰማያዊ፣ ጣሪያዋ ነጭ። ላዳ ላይ የቤንዚን ጉዳይ ምሥጢር አልነበረም። ፓምፑ ሞተሩ ጎን ላይ ተለጥፎ ሞተሩ ራሱ እየነቀነቀ የሚያሠራው ነገር ነው። ጎኑ ላይ ምላስ የመሰለች ትንሽ ማንሻ አለችው፤ በጣት ከፍ ዝቅ ሲያደርጓት ቤንዚን ትስባለች። አጎቴ ጠዋት መኪናው አልነሳ ሲለው ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅሎ ጠርሙስ ውስጥ ያስገባና ማንሻዋን ይመታል። ቤንዚኑ ፊጭ ፊጭ ካለ ፓምፑ ደህና ነው፤ ካላለ ከታንከሩ የሚመጣውን ቱቦ ነቅሎ በአፉ ይስባል። አፉ ቤንዚን የቀመሰ ዕለት እስከ ማታ ምግብ አይበላም ነበር። የሚያስፈልገው ዓይን፣ ጣትና ትንሽ ድፍረት ነበር።

አንድ ጊዜ ለሠርግ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ከጎሃ ጽዮን ወርደን ዓባይን ተሻገርን። ወደ ደጀን ሽቅብ ስንያያዝ ላዳዋ አቃሰተች፣ ከዚያ ጸጥ አለች። ከላይ ካለው ብርድ ወርደን ከሸለቆው ሙቀት ገብተን ነበር። አጎቴ ኮፈኑን ከፈተ፣ ፓምፑን በጣቱ ነካ አድርጎ እጁን ቶሎ መለሰ። "ፈልቷል" አለ። ቤንዚን በትንሽ ሙቀት የሚተን ነገር ነው፤ ፓምፑ ከጋለ ሞተር ጋር ተለጥፎ ሲግል ውስጡ ያለው ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ ፓምፑም እንፋሎት መግፋት አይችልም። አጎቴ ከኋላ የተቀመጠችውን አክስቴን ሻሽ ጠየቃት። ለሠርጉ የገዛችው አዲስ ሻሽ! ውሃ ነክሮ ፓምፑ ላይ ጠመጠመው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመን ቁልቁል ገደሉን ስናይ ቆየን፤ ከዚያ ተነሣች። አክስቴ እስከ ዛሬ ያን ሻሽ ታነሳለች።

የዛሬ መኪኖች ፓምፓቸው ቤንዚን ውስጥ ሰምጦ ነው የሚኖረው። ከኋላ ሆኖ ይገፋል፣ መስመሩም በግፊት የተሞላ ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ አይፈላም። በዚያው ልክ ግን የሚታይ የሚዳሰስ ነገር ጠፋ። አጎቴ በምላሱ የሚያውቀውን እኔ በጆሮዬ ልገምት ሞከርኩ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

መካኒኩ ከረዳቱ ጋር ከጠዋቱ 3 ሰዓት መጣ። ጋሼ እለዋለሁ፤ ስድሳውን ያለፈ፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁረት በሳሙና የማይለቅ ሰው ነው። የዕቃ ሣጥኑን ሳይከፍት መከዳ ላይ ለመቀመጥ እንደሚመቻች ሁሉ ተደላድሎ ጎማዋ ላይ ተደገፈና ይጠይቀኝ ጀመር።

"መጨረሻ የነዳሃት መቼ ነው?"

"እሑድ ማታ።"

"ያን ሰሞን ጠዋት በአንዴ ትነሳ ነበር?"

ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ሳምንት ያህል ሁለት ሦስት ጊዜ ሳላዞር አትነሳም ነበር። ብርዱ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ነገርኩት።

"እሱን አስቀድመህ አትናገርም?" አለና ረዳቱን ካንዴላ ፍታ አለው።

ካንዴላው ወጣ። ጋሼ አፍንጫው ሥር አድርጎ አሸተተው፣ ቀጥሎ ለኔ ሰጠኝ። ጫፉ ደረቅ፣ ሽታ የለውም። ያን ያህል የዞረ ሞተር ካንዴላው በቤንዚን መራስ፣ ቢያንስ መሽተት ነበረበት። ርሶ ቢገኝ ቤንዚን ደርሶ እሳት ጠፍቷል ማለት ነው፤ ሲደርቅ ግን ነገሩ ወደ ቤንዚኑ ያደላል። ረዳቱ ካንዴላውን ገመዱ ላይ መልሶ ሰክቶ፣ ብረቱን በፒንሳ ይዞ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኘውና እኔ ቁልፉን አዞርኩ። ጣ፣ ጣ፣ ጣ። ሰማያዊ እሳት። እሳት አለ።

ከዚያ ጋሼ የአየር ቱቦውን ፈታ አድርጎ የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ሁለቴ ፊሽ ፊሽ አደረገበትና "አስነሳ" አለኝ። ቮቮቮም! ለሁለት ሰከንድ ሞተሩ ተነሣ፣ ከዚያ ሞተ። ዘበኛው አጨበጨበ።

"አየህ፣ ሞተሩ አልታመመም። ርቦት ነው።"

(ይቺን ዘዴ አንዳንድ ጋራዥ ከሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን እያፈሰሱ ነው የሚሠሯት። ሞተሩ ወደ ኋላ እሳት ሲተፋ እጁ የተቃጠለ ልጅ አውቃለሁ። አታድርጉት።)

በዚህ ጊዜ ካርቶኔን ይዤ ቀረብኩ። "ፓምፑን ገዝቼዋለሁ" አልኩ፤ ድምፄ ውስጥ ትንሽ ኩራት ሳይኖር አልቀረም። ጋሼ ካርቶኑን አልከፈተውም።

"ማን አዘዘልህ?"

"ኦን ላይ ድምፅ የላትም።"

"ይቺ ኦን ላይ አትዘፍንም።"

አስረዳኝ። ብዙ የድሮ ቶዮታዎች ላይ ፓምፑ መብራት የሚያገኘው ሞተሪኖው ሲዞር ወይም ሞተሩ መዞሩን ኮምፒዩተሩ ሲያይ ብቻ ነው። መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቢጠፋ ፓምፑም እዚያው ይቆማል፤ በተሰበረ ቱቦ ቤንዚን አይረጭም። ስለዚህ ቁልፉን ኦን አድርጎ ማዳመጥ ለባልደረባዬ ሀዩንዳይ ምርመራ ነው፣ ለኔዋ ግን ጤነኛ በሆነችበት ቀንም ዝም ነው የምትለው። አሥራ አንድ ዓመት ነድቻት ይህን አላውቅም ነበር።

ኮፈኑ ሥር ክዳኑ ላይ "ዳያግኖሲስ" የሚል የተጻፈበት ትንሽ ጥቁር ሣጥን አለ። ጋሼ ክዳኑን ከፍቶ በአንዲት ቁራጭ ሽቦ "ፕላስ ቢ" እና "ኤፍ ፒ" የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች አገናኘ። እንዲህ ሲሆን ቁልፉ ኦን ላይ ሳለ ፓምፑ ያለ ማቋረጥ መሥራት አለበት። የኋላውን ወንበር አነሳን። ከሥሩ ክብ ክዳን አለ፤ ብሎኖቹ ሲፈቱ ቤንዚን ሸተተ። በር ሁሉ ተከፈተ፣ ሲጋራ ይዞ ሊያይ የመጣውን ጎረቤት ጋሼ ከግቢው በር መለሰው።

ፓምፑ ይሠራል። ግን ጠርሙስ ውስጥ እንደ ገባች ንብ ነው የሚያጉረመርመው፣ ደከም ብሎ።

ረዳቱ ሶኬቱን ነቀለና ቴስተሩን አስገባበት። "12.3። መብራት በደንብ አለ። ፓምፑ ነው የደከመው።" እኔ ካርቶኑን መክፈት ጀመርኩ። ልክ ነበርኩ፤ መንገዴ ተሳሳተ እንጂ መድረሻዬ ልክ ነበር!

"ሰካው" አለው ጋሼ።

"ጋሼ፣ መብራትማ አለ..."

"ሰክተህ ከኋላው ለካው።"

ሶኬቱ ተሰካ፣ ፓምፑ ማጉረምረም ጀመረ፣ የቴስተሩ ጫፎች ከሶኬቱ ጀርባ ሽቦው ላይ ደረሱ። 7.9።

ረዳቱ ቁጥሩን አየ፣ ጋሼን አየ፣ ቁጥሩን አየ። ጋሼ እጁን ጠራርጎ የግቢያችንን የውሃ ቧንቧ ጠቆመን። "ቧንቧው ውስጥ ቆሻሻ ቢኖር፣ ጫፉን በአውራ ጣትህ ዘግተህ ስትይዝ ግፊቱ ሙሉ ነው። ስትለቀውስ?" ስትለቀውማ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሰፈራችን ውሃ በመጣ ቁጥር የምናየው ነው። መብራትም እንዲሁ ነው። ምንም ሳይጎትተው ሲለካ ሙሉ ይመስላል፤ ፓምፑ መጠጣት ሲጀምር መንገድ ላይ ያለው ጥበት ይገለጣል። ነቅሎ መለካት የሚነግርህ ሽቦው አለመበጠሱን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪው ራሱ ወደ 10 ቮልት ይወርዳል፤ ጠዋት ጠዋት ፓምፑ የሚደርሰው ስንት እንደነበር አስቡት።

ባትሪው ላይ 12.4 አለ። 4.5 ቮልት የት ጠፋ? ጋሼ በረጅም ሽቦ ሁለቴ ለካ። ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ፓምፑ ፖዘቲቭ የጠፋው 0.3 ነው። ከፓምፑ ነጌቲቭ እስከ ባትሪው ነጌቲቭ 4.2።

"ማሳው ነው" አለ።

መካኒኮች ማሳ የሚሉት ነጌቲቩ ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰርበትን ነው። ከጣልያን የቀረ ቃል ነው፤ ልጅ ሆኜ ጋራዥ ውስጥ "ማሳው ተበላሽቷል" ሲሉ ስሰማ ስለ እርሻ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። ጥቁር መስመር ያለበትን ነጭ ሽቦ ተከትለን የኋላ ኮፈን ውስጥ ገባን። የጎኑ ልባስ ሲነሳ ምንጣፉ ሥር ውሃ አለ፤ እጄን ሳስገባ እስከ አንጓዬ ቀዘቀዘኝ። የኋላ መብራቱ ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ክረምቱ ሁሉ በዚያ ሲገባ ከርሟል። ብሎኑ ላይ የታሰረችው የሽቦ ቀለበት አረንጓዴ ዱቄት ለብሳለች። በጥፍሬ ጫር ሳደርጋት እንደ ደረቀ ቀለም ተራገፈች።

ፈቱት። በብርጭቆ ወረቀት ቀለበቷንም ብሎኑንም ቦዲውንም እስኪያበሩ ፈገፈጉ፣ አዲስ ሮንዴላ አደረጉ፣ አሰሩ፣ ከላይ ግራሶ ቀቡት። ድጋሚ ሲለካ ከ4.2 ወደ 0.1 ወርዷል። ፓምፑ አሁን አላጉረመረመም፣ ዘፈነ። ቁልፉን አዞርኩ፤ ግማሽ ዙር አልሞላም፣ ተነሣች።

"ስንት ልስጥህ ጋሼ?"

"ለአንድ ብሎን ስንት ልበልህ?" አለና ሳቀ። ከብሎን በላይ ሰጠሁት። ይገባዋል። ካርቶኑን አስታቅፎኝ ሄደ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ሶማሌ ተራ ተመለስኩ። ልጁ ካርቶኑን እንኳ አልነካም፤ ደረሰኙን አዙሮ ማኅተሙን በጣቱ አሳየኝ። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።" የኤሌክትሪክ ዕቃ ስለሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ገጥሜ አቃጥዬው ልሁን በምን ያውቃል። እሱ ቦታ ብሆን እኔም አልቀበልም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ታማሚ ልጠይቅ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ኮሮላዋ ማስነጠስ ጀመረች። ሜዳ ላይ ምንም አልነበራትም። ሽቅቡ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ቤንዚን ስሰጣት ትንገዳገዳለች፣ እግሬን ሳላላ ትመለሳለች። ባሰባት። ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ከኋላዬ እንጨት የጫነ አይሱዙ ጥሩምባውን ነፋብኝ። አምስት ደቂቃ ቆሜ ስነሳ ደግሞ ደህና ናት፣ እስከሚቀጥለው ዳገት።

ለጋሼ ደወልኩ። "ሳትጠጣ ነው የምትሮጠው" አለ። ስትቆም የምትፈልገው ትንሽ ነው፣ ዳገት ላይ ብዙ፤ መስመሩ የሆነ ቦታ ጠቧል። ነገ ይመጣ እንደሆነ ጠየቅኩት። "ነገ ገብርኤል ነው። ሰኞ።"

እሺ ከማለት ሌላ ምን አለኝ። ቁልቁሉን በሁለተኛ ማርሽ ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ዛሬ ጋሼ የግፊት መለኪያ ይዞ መጣ። ሞተሩ እንደቆመ ፓምፑን ብቻ በሽቦዋ አሠራና ለካ፤ 2.8 ባር። ለዚህ ሞተር ደህና ነው፣ ወደ ሦስት መጠጋት አለበት። እኔ ቶሎ ደስ ሊለኝ ሲል አስቆመኝ። ግፊት አንድ ነገር ነው፣ መጠን ሌላ። ቱቦውን ፈትቶ ሃይላንድ ውስጥ አስገባና በሰዓቱ ያዘ። የሱ መለኪያ በግማሽ ደቂቃ ግማሽ ሊትር ነው። የመጣው ከሲሶ ሊትር አይዘልም። ባለፈው ያታለለን 12.3 ቮልት ዘመድ መሆኑ ነው፤ ያ ምንም ሳይጎትተው ሙሉ መሰለ፣ ይኸኛውም ምንም ሳይፈስ ሙሉ ይመስላል።

ፊልትሮው ከሞተሩ ጀርባ ነው፤ የጡጫ መጠን ያለው የብረት ጣሳ። ሞተሩ ቢጠፋም መስመሩ ውስጥ ግፊት ስለሚቀር ጋሼ መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈታ፣ ብሎኑን በጨርቅ ሸፍኖ ቀስ አድርጎ ላላ አደረገው። ጭስ መሰል ነገር "እስስስ" ብሎ ጨርቁን አራሰው። ጣሳው ሲወጣ ቤንዚኑ በሚገባበት በኩል ነጭ የእቃ ማጠቢያ ሳህን ላይ ገለበጠው (ባለቤቴ ሳህኑን ከዚያ ወዲህ አልተቀበለችኝም)። የወጣው ቤንዚን አይመስልም። እንደ ጠላ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ሳህኑ ሲዘነበል ከሥሩ ቀይ አሸዋ መሰል ዝገት ተከተለው።

ከታንከሩ ሥር የተቀዳውን ሃይላንድ ውስጥ አድርጎ ለአሥር ደቂቃ መስኮቱ ደፍ ላይ አቆመው። ስንመለስ ለሁለት ተከፍሏል። ላይኛው ገለባ ቀለም ያለው ቤንዚን፣ ታችኛው የአንድ ጣት ውፍረት ያለው ጥርት ያለ ውሃ፤ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር። ጠርሙሱን ሲነቀንቀው ውሃው እንደ ዶቃ ተበታትኖ ተመልሶ ወደ ታች ወረደ። አንድ ሊትር ቤንዚን ክብደቱ 750 ግራም ያህል ነው፤ ውሃ ምንጊዜም ሥር ይተኛል። ፓምፑ የሚጠጣውም ከሥር ነው።

"ከየት ነው የቀዳኸው?"

አወቅኩት። ግንቦት ላይ ለልቅሶ ከከተማ ስወጣ አንድ ማደያ "ቤንዚን የለም" ብሎ መለሰኝ፤ ከማደያው መቶ ሜትር እልፍ ብሎ ግን ጀሪካን የደረደሩ ልጆች ነበሩ። አሥር ሊትር ገዛሁ። ቀለሙን አላየሁም፣ መሽቶ ነበር፤ ቀብር ሳይደርስብኝ ልድረስ ነበር ሐሳቤ። ልጆቹን አልወቅስም፤ ጀሪካን ክዳኑ ተከፍቶ ዝናብ ላይ የዋለ ሊሆን ይችላል። ሌላም ሊሆን ይችላል።

ታንከሩን ባዶ አደረግነው። ጌጁ ሩብ ይላል፤ 50 ሊትር ከሚይዝ ታንከር የወጣው ሰባት ሊትር ብቻ ነው። ጋሼ እዚህ ላይ ተቆጣኝ። ቤንዚን ለፓምፑ ምግቡ ብቻ አይደለም፣ ማቀዝቀዣውም ነው፤ ሰምጦ ሲሠራ ሙቀቱን ይወስድለታል። ቀይ ላይ እየነዱ ፓምፕ ማቆየት አይቻልም። ደግሞ የታንከር ዝቃጭ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያች ሥር ነው።

ልክ ነው። ግን ለምን ቀይ ላይ እንደምንነዳ እሱም ያውቃል። ሰልፉ ነው። ክፍያው በቴሌብር ከሆነ ወዲህ ብር መቁጠር ቀረ፤ መሰለፉ ግን አልቀረም። ሰው ሁለት ሰዓት ላለመቆም "ነገ እቀዳለሁ" ይላል፤ ነገ ቤንዚን አልመጣም ይባላል፤ ከነገ ወዲያ ጀሪካን ያምረዋል። የኔ ፓምፕ የተጎዳው ሰልፍ በመሸሽ ነው።

ፓምፑ ወጣ። የወንፊቱ መረብ በጥቁር ጭቃ ተደፍኖ ቆዳ መስሏል። ጋሼ ወንፊት አለኝ ወይ ብሎ ሊጠይቅ ሲል ካርቶኑን አስታወሰ። አምጣው አለ። ከገዛሁት ፓምፕ ላይ አዲሱን ወንፊት ነቅሎ አሮጌው ፓምፕ ላይ ገጠመው። ፊልትሮው ተቀየረ፣ ታንከሩ ታጠበ፣ ከማደያ የመጣ ቤንዚን ገባ። በሃይላንዱ ድጋሚ ሲለካ በግማሽ ደቂቃ ግማሽ ሊትር አልፎ ወደ አፉ ቀረበ።

"ይሄ ፓምፕ አሁንም ይሠራል" አለ ጋሼ አሮጌውን እያየ። ስንት ዓመቱ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ እጅ ከገባች ወዲህ ግን አልተቀየረም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

እንጦጦ ወጥቼ ወረድኩ፣ በሦስተኛ ማርሽ። አንዴም አላስነጠሰችም።

የላይኛው ፎቅ ልጅ አባት በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ገዝተዋል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ሁለተኛዋ ናት። በመስኮት ሆነው "የኔዋ የቤንዚን ፓምፕ የላትም" አሉኝ። ማሳ ግን አላት አልኳቸው። አልገባቸውም።

ከሰዓት ጌጁ ግማሽ ላይ ሳለ ሰልፍ ገባሁ፤ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቆምኩ። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ዳሽቦርዴን በመስኮት አጮልቆ አይቶ "ጌታው፣ ግማሽ አለህ እኮ፤ ምን ትሠራለህ እዚህ?" ብሎ ተቆጣኝ።

ፓምፑ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው፣ ከነካርቶኑ። ልሸጠው ለሁለት ሰው አሳይቼ ነበር፤ ሁለቱም ወንፊቱ የታለ አሉ።